ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፦ ስለ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ካዝና አሞላልና ስለ ስላይድ አያያዝ የቀረበ የሕዝብ ገለጻ



የዛሬው ርእስ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ሽጉጥ በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ ወደፊትም ባይነኩ ቅር አይለኝም። ነገር ግን እዚህ ከተቀመጡት ውስጥ ነገ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ፣ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ በጥበቃ ሠራተኞች ላይ ኃላፊ የሚሆኑ አሉ። «ባዶ መስሎኝ ነበር» የሚለውን ቃል በሥራቸው ላይ የሚሰሙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ቃሉ ብዙውን ጊዜ ውሸት አይደለም። ተናጋሪው በእርግጥ ባዶ መስሎታል። እኔ የማሽን ዲዛይን መምህር እንደመሆኔ ከሕጉና ከሐዘኑ በፊት ያለውን አንድ ጥያቄ ብቻ ላንሳ፦ ይህ ትንሽ ማሽን ጥይት በውስጡ ይዞ ሳለ፣ የያዘውን ሰው ባዶ ነኝ ብሎ የሚያሳምነው እንዴት ነው?

መልሱን ከቋንቋችን እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም አማርኛ በዚህ ጉዳይ ከብዙ የሥልጠና ደብተር ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ካዝና እንሞላለን። ጠመንጃ እናጎርሳለን። እናቀባብላለን። ሦስቱም የየራሳቸው ድርጊት ስሞች ናቸው። ካዝና መሙላት ማለት ጥይቶቹን በሞላ ላይ እየደረደሩ በሣጥናቸው ማስቀመጥ ነው፤ ይህ በሚሆንበት ጊዜ ሽጉጡ በሌላ ክፍል ሊሆን ይችላል። ማጉረስ ግን ልክ እንደ እንጀራው ጉርሻ አንዷን ጥይት ከአፍ አሳልፎ በበርሜሉ የኋላ ጫፍ ማስቀመጥ ነው። ማቀባበል ደግሞ ከካዝና ተቀብሎ ለበርሜል የሚያቀብለውን እንቅስቃሴ የሚገልጽ ነው። እኔም ዛሬ ጥይቷ የምትቀመጥበትን የበርሜሉን የኋላ ክፍል «ጉሮሮ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ሽጉጡ ሲያውክ «ነከሰ» የምንለውም ከዚሁ ምስል የመጣ ይመስለኛል፤ ጥይቷ በጥርስና በጉሮሮ መካከል ተይዛ ቀረች ማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጉርሻው ከሞሰቡ ከተነሣ በኋላ ሞሰቡን ከቤት ብታወጡት፣ በአፍ ያለው ጉርሻ አብሮ አይወጣም።

ወደ ማሽኑ ልለፍ። የመጀመሪያዎቹ ራሳቸውን የሚያጎርሱ ሽጉጦች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲወጡ መልካቸው ገና አልረጋም ነበር። ለምሳሌ የ1896 እ.ኤ.አ. ማውዘር ጥይት የሚሞላው በእጀታው በኩል ሳይሆን፣ በላይ በኩል 10 ጥይት በተሰካበት ስስ ቆርቆሮ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጠው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው። በርሜሉን የሚሸፍን፣ በእጀታው ላይ እንደ መሳቢያ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄድ የላይ ብረት ሠራ፤ ስላይድ የምንለው ይህ ነው። ካዝናውን ደግሞ በእጀታው ውስጥ አስገባው። በ1911 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር የተቀበለው 7 ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ፣ ከርሱም በኋላ የሶቪየቱ ቶካሬቭ፣ በአገራችን ስሙ በይበልጥ የታወቀው ማካሮቭ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ ጦር የተመረጠው 17 ጥይት የሚይዘው ግሎክ፣ በውስጣቸው ብዙ ቢለያዩም በዚህ አቀማመጥ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ይህ አቀማመጥ ከሪቮልቨር ጋር ሲነጻጸር አንድ ነገር አሳጥቶናል። ሪቮልቨር ሆዱን ሲከፍቱት ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ከፊል አውቶማቲኩ ሽጉጥ ግን ጥይት የሚይዘው በሁለት ቦታ ነው፦ በካዝናው እና በጉሮሮው። ሁለቱ ቦታዎች የሚከፈቱት በተለያየ መንገድ ነው። ካዝናው በአንድ መጫኛ ሲወጣ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ክብደቱ በእጅ ይታወቃል፤ ድምፅም አለው። ጉሮሮው ግን ስላይዱ ሲዘጋ አይታይም። ስለዚህ ከአራቱ የሚቻሉ ሁኔታዎች እጅግ አደገኛው ካዝናውም ጉሮሮውም የሞሉበት አይደለም፤ ያንን ማንም ሰው ይፈራዋል። አደገኛው ካዝናው ወጥቶ ጉሮሮው የሞላበት ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ከባዶው ጋር ይመሳሰላል።

አሁን ስለ ካዝና አሞላል ጥቂት በዝርዝር ልናገር፤ የምህንድስና ተማሪዎችን በይበልጥ የሚመለከት ነው። ካዝና ሣጥን፣ ሞላ፣ በሞላው ራስ ላይ የምትቀመጥ ገፊ ሳህን እና ከላይ ወደ ውስጥ የታጠፉ ሁለት ከንፈሮች ያሉት ነገር ነው። ሞላው ወደ ላይ ይገፋል፤ ከንፈሮቹ ይገታሉ። ጥይቷን ስትሞሉ ከላይ ቁልቁል ብትጫኗት አትገባም። የጥይቷን ግርጌ ከከንፈሮቹ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ፣ ቀድሞ ያለውን ጥይት ወይም ሳህኗን በአውራ ጣት ወደ ታች ተጭናችሁ፣ አዲሷን ከከንፈሮቹ ሥር ወደ ኋላ ማንሸራተት ነው። የጥይቷ ግርጌ የካዝናውን የኋላ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ መሄድ አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ጥይቶች ቀላል ናቸው፤ የመጨረሻዋ ግን ጣት ታሳምማለች። ይህ የሁክ ሕግ ነው፤ ሞላው በተጨመቀ ቁጥር የሚመልሰው ኃይል ይጨምራል። ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ተሰባጥረው ከላይ ወደ አንድ በሚጠቡበት ካዝና፣ ለምሳሌ በ1935 እ.ኤ.አ. በወጣውና 13 ጥይት በሚይዘው ብራውኒንግ፣ በሞላው ኃይል ላይ የጎን ሰበቃ ስለሚጨመር ሥራው ይበልጥ ይከብዳል።

ከሞሉ በኋላ የካዝናውን ጀርባ በመዳፍ ላይ መታ መታ ማድረግ የልማድ ጌጥ አይደለም። ወደ ፊት አፍንጫዋን ያወጣች ጥይት ካለች ወደ ኋላ ትሰበሰባለች። ከተወሰነው ቁጥር በላይ አንዲት ጥይት በጉልበት መጨመርም ትርፍ መስሎ ኪሳራ ነው፤ ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ የላይኛዋ ጥይት በስላይዱ ሆድ ስለምትገታ ካዝናው ገብቶ ለመቆለፍ ትንሽ የመጨመቂያ ቦታ ያስፈልገዋል። ያ ቦታ ከሌለ ካዝናው የገባ ይመስላል እንጂ አልተቆለፈም። ስለዚህ ካዝናውን በመዳፍ ግርጌ አጥብቆ መግፋት፣ የመቆለፉን ድምፅ መስማት፣ ከዚያም ወደ ታች ሳብ አድርጎ መፈተን ነው።

ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ ካዝና ተሞልቶ ሲቀመጥ ሞላው ይደክማል ወይ? በደንብ የተሠራ ሞላ ከመለጠጥ ወሰኑ በታች ተጨምቆ ቢቀመጥ የሚያጣው ኃይል ትንሽ ነው፤ በይበልጥ የሚያደክመው መሙላትና ማራገፉ መደጋገሙ ነው። ሽጉጥ ሲነክስ ግን ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሞላው ብቻ አይሆንም። ወድቆ የተጣመመ ከንፈር፣ በካዝናው ውስጥ የገባ አሸዋ፣ «ይለስልስ» ተብሎ በውስጡ የፈሰሰና አቧራ የሰበሰበ ዘይት ይበልጣሉ። ካዝና የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ከሽጉጡ ቀድሞ ያረጃል። ጥንቁቅ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ በየካዝናው ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ ሽጉጡ በነከሰ ቁጥር የትኛው ካዝና እንደነበረ ይመዘግባል። ሦስቴ 4 ቁጥር ላይ ከሆነ ሽጉጡን ከመፍታት በፊት 4 ቁጥርን መጣል ነው። ለምርምር ዘዴ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቅርብ አላገኘሁም።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት ፍጥነቱ ነው። ማካሮቭን እንውሰድ። ወደ 6 ግራም የሚመዝነው አረር በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ይወጣል። ማካሮቭ በርሜሉና ስላይዱ የማይቆላለፉበት ቀላል አሠራር ስላለው ስላይዱን የሚያዘገየው የራሱ ክብደትና ሞላው ነው። ለስሌት ያህል ስላይዱን የኪሎ አንድ ሦስተኛ ብንለውና የባሩዱን ጋዝ ለጊዜው ብንተወው፣ የእንቅስቃሴ መጠን ስለማይጠፋ ስላይዱ በሰከንድ 6 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ ኋላ ይነሣል። የሚሄደው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያች ከሰከንድ አንድ መቶኛ ብዙም በማትርቅ ጊዜ ውስጥ ቀለሃው ከጉሮሮው ተስቦ ይወጣል፤ ወደ ጎን ይወረወራል። የካዝናውም ሞላ የቀሩትን ጥይቶች ሁሉ አንሥቶ ቀጣዩዋን ከከንፈሮቹ ሥር ማድረስ አለበት፤ ስላይዱ ሲመለስ ጠርጎ ይወስዳት ዘንድ። ሞላው ከዘገየ ስላይዱ በጥይቷ ራስ ላይ አልፎ በባዶ ጉሮሮ ይዘጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የስላይዱ አያያዝ ይመጣል። በእጅ ስናቀባብል የምንሠራው ባሩዱ የሚሠራውን ሥራ ነው። ወደ ኋላ የምንስበው እኛ ነን፤ ወደ ፊት የሚመልሰው ግን ሞላው ብቻ መሆን አለበት። ብዙ ሰው፣ በተለይም ጨዋና ዕቃ አክባሪ የሆነ ሰው፣ ስላይዱን ስቦ በእጁ እያጀበ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ለማሽኑ የራራለት ይመስለዋል። የሞላው ኃይል ግን በትክክል ተለክቶ የተሰጠ ነው፤ ጥይቷን ከከንፈሮቹ ለመፈልቀቅ፣ በተዳፋቱ ወደ ጉሮሮ ለማውጣት፣ የሳቢውን ጥፍር በጥይቷ ግርጌ ጠርዝ ላይ ለማንጠልጠል፣ በመጨረሻም ስላይዱን ገጥሞ ለመዝጋት ያስፈልጋል። በእጅ የታጀበ ስላይድ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ያልቅበታል፤ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሳይዘጋ ይቀራል። ደህና በተሠራ ሽጉጥ ምላጩን ከመምቻው የሚያለያየው ክፍል በዚህ ጊዜ እንዳይተኮስ ይከለክላል። ስለዚህ ትክክለኛው አያያዝ የስላይዱን የኋላ ጥርሶች በሙሉ መዳፍ ይዞ እስከ መጨረሻው ስቦ መልቀቅ ነው፤ ሌላው እጅም እጀታውን ወደ ፊት ይገፋል። ኃይሉ ከሁለቱ እጆች ሲመጣ ትንሽ ጉልበት ያለው ሰውም ይችለዋል።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ። ካዝናው ባዶ ሆኖ ስላይዱ ወደ ኋላ ተቆልፎ ሳለ በባዶ ጉሮሮ ላይ ደጋግሞ መልቀቅ፣ ጥይት የመፈልቀቁ ሥራ ስለሌለ ስላይዱን ሳይዘገይ ከበርሜሉ ጋር ያጋጨዋል። እንዲሁም አንዲት ጥይት በጣት ጉሮሮ ውስጥ ጥሎ ስላይዱን በላይዋ መልቀቅ፣ በተለይ በ1911ዱ ሽጉጥ፣ የሳቢውን ጥፍር ያበላሻል፤ ያ ጥፍር የተሠራው የጥይቷ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ እየወጣ እንዲገባበት እንጂ በግድ ዘልሏት እንዲያልፍ አይደለም። የፊልም ተዋንያንን ነገር አልፈዋለሁ፤ በየንግግራቸው መካከል ሽጉጡን የሚያቀባብሉት ለድምፁ ነው። እውነተኛ ቢሆን በእያንዳንዱ ማስፈራሪያ አንዲት ጥይት ወለል ላይ ትወድቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ተመለስሁ፤ ማለትም ወደ ማራገፍ ቅደም ተከተል። አንድ ሰው 8 ጥይት በማካሮቭ ካዝና ሞላ፣ አስገባ፣ አቀባበለ። አሁን በጉሮሮው 1፣ በካዝናው 7 አሉ። ማታ ቤቱ ገብቶ ሊያራግፍ ፈለገና በመጀመሪያ ስላይዱን ሳበ። ጥይት ተወርውራ ወጣች። ቀጥሎ ካዝናውን አወጣ። ጉሮሮውን ባዶ አደረግሁ፣ ካዝናውንም አወጣሁ ብሎ በልበ ሙሉነት ይናገራል፤ ሁለቱንም በእርግጥ አድርጓል። ነገር ግን ስላይዱ ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት አጉርሶ ነበር። በካዝናው 6 አሉ፤ ወለል ላይ 1 አለ፤ አንዷ በጉሮሮ ናት። ሰውየውን ያሳሳተችው ዐይኑ እያየ የወጣችው ጥይት ናት፤ ማስረጃ መስላ የቀረበችው እርሷ ናትና። ካልተራገፈ ሽጉጥ ይልቅ በተዛባ ቅደም ተከተል የተራገፈ ሽጉጥ ይበልጥ ያታልላል የምለው ለዚህ ነው። ያ ሰው 6ና 1 ደምሮ 8 አለመሙላቱን ቢያይ ኖሮ ይነቃ ነበር። ቆጠራ ግን ከጉሮሮው ፍተሻ ጋር የሚሄድ ሁለተኛ ምስክር ነው እንጂ ብቻውን አይበቃም፤ በመጀመሪያ ስንት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነውና።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንግዲህ ከምክንያቱ ራሱ ይወጣል፦ ምንጩ ሳይዘጋ የሚቀዳ ውኃ አያልቅም። ጣት ከምላጩ ውጭ በሽጉጡ ጎን ላይ ተዘርግቶ፣ አፈሙዙም ማንም ወደሌለበት ዞሮ፣ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ስላይዱ እስከ መጨረሻው ይሳባል፤ የምትወጣው ጥይት መሬት ትውደቅ። በአየር ላይ ለመቅለብ ወይም መውጫውን በመዳፍ ሸፍኖ ለመቀበል መሞከር ክፉ ልማድ ነው፤ በመዳፍ የታፈነች ጥይት ተመልሳ ግርጌዋ ላይ ያለችው ተቀጣጣይ ቆብ በቀለሃ አስወጪው ብረት ጫፍ ብትመታ፣ ከበርሜል ውጭ በእጅ ውስጥ ልትፈነዳ ትችላለች። ቀጥሎ ስላይዱ በማቆሚያው ወደ ኋላ ይቆለፋል፤ ጉሮሮው በብርሃን ይታያል፤ በጨለማ ወይም በጥርጣሬ ጊዜ በትንሽ ጣት ይዳሰሳል። የካዝናው ቀዳዳም እንዲሁ። የሳቢው ጥፍር የተሰበረበት ሽጉጥ ስላይዱ አሥር ጊዜ ቢሳብ ጥይቷን አያወጣምና፣ የስበቱ ብዛት በማየት ፈንታ ሊቆም አይችልም።

ማንም ወደሌለበት ስል ቃሉ ቀላል አይደለም። በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ አጥር በተጣበቀ ሰፈር ግድግዳው ለአረር መጋረጃ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት አልጋ አለ። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ሲሚንቶው አረሩን ሊመልሰው ይችላል። መሣሪያ የሚያስረክቡና የሚረከቡ ክፍሎች በአሸዋ የተሞላ በርሜል ወይም ሣጥን የሚያኖሩት ለዚህ ነው። ዋጋው የአንድ በርሜልና የጥቂት አካፋ አሸዋ ነው። ጥበቃዎቹ በፈረቃ መሣሪያ የሚቀባበሉበት ድርጅት ይህ ከሌለው ኃላፊው ሊጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ማካሮቭ አንድ የተለየ ነገር ልጨምር። የማካሮቭ መጠበቂያ ቁልፍ ወደ ላይ ሲሆን መዶሻውን በደህና ያወርዳል፣ ይገታልም፤ ነገር ግን ስላይዱንም ይቆልፋል። ስለዚህ ጉሮሮውን ለማየት የፈለገ ሰው መጠበቂያውን ማንሣት ግድ ይሆንበታል። የደኅንነት ምርመራው የሚጀምረው ደኅንነቱን በማላቀቅ ነው ማለት ነው። የ1911ዱም ሽጉጥ መጠበቂያ ስላይዱን ይቆልፋል፤ የዋልተር ፒፒና የቤሬታ 92ኤፍኤስ ግን መጠበቂያቸው ሳይነሣ ስላይዳቸው ይሳባል። ቶካሬቭ በመጀመሪያ ሲሠራ የእጅ መጠበቂያ ጨርሶ አልነበረውም። እንዲሁም የ1935ቱ ብራውኒንግ፣ ከፈረንሳይ ጦር በቀረበ መስፈርት ምክንያት፣ ካዝናው ሲወጣ ምላጩ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር፤ ማካሮቭና ግሎክ ይህ የላቸውም። በአንዱ የለመደ እጅ ሌላውን ሲይዝ ልማዱ ራሱ ወጥመድ ይሆንበታል። በአንዳንድ ሽጉጦች ጥይት በጉሮሮ መኖሩን የምታሳይ ምልክት አለች፤ በዋልተር ፒፒ ከመዶሻው በላይ ብቅ የምትል ትንሽ ዘንግ ናት። ምልክቷ «አለ» ስትል እመኗት፤ «የለም» ስትል ግን ጉሮሮውን እዩ። ቆሻሻ የያዛት ዘንግም ዝም ትላለችና።

ለሕግ ተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ሐሳብ ይቀረኛል። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ መሠረተ። ፈቃድ ሰጪው ማን መያዝ እንደሚችል ይወስናል፤ በፍርድ ቤት የሚነሣው ግን የያዘው ሰው እንዴት ያዘው የሚለው ነው። «ካዝናውን አውጥቼ ነበር» የሚል ተከሳሽ ሲቀርብ፣ ካዝናውን ከስላይዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ያወጣው ብሎ መጠየቅ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ወለሉ ላይ ያልተተኮሰች ሙሉ ጥይት ተገኝታ እንደሆነም ጠይቁ፤ ከተገኘች ሰውየው ሊያራግፍ ሞክሮ ቅደም ተከተሉን እንዳዛባ የምታመለክት ልትሆን ትችላለች። በካዝናው የቀሩት ስንት ናቸው? ቀለሃው ወጥቷል ወይስ በጉሮሮው ቀርቷል? ካዝናው ቀድሞ ከወጣ፣ ከተኩሱ በኋላ ስላይዱ የሚያጎርሰው አይኖረውምና ጉሮሮው ባዶ ሆኖ መገኘት ይገባዋል። ካዝናው ጥይት ይዞ በውስጡ ከነበረ ግን፣ ሽጉጡ ካልነከሰ በቀር፣ አዲስ ጥይት በጉሮሮው ትገኛለች። ይህን የሚመዘግበው ቦታው ላይ በመጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ነው፤ ሽጉጡን ለደኅንነት ሲያራግፍ ያየውን በየደረጃው ካልጻፈ፣ በማራገፉ ራሱ ማስረጃው ይጠፋል።

ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ካዝናው ለብቻው፣ ስላይዱ ወደ ኋላ ተቆልፎ፣ እጀታው ወደ ተቀባዩ ዞሮ ይሰጣል። ተቀባዩ ሰጪው ዐይኑ እያየ ያሳየውን ጉሮሮ እንደገና ያያል፤ ሰጪው ታላቁ ወይም አለቃው ቢሆንም እንኳ። በእኛ ዘንድ አባት ያየውን ልጅ ደግሞ ሲያይ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቤት አለ። በዚህ ጉዳይ ታላቁ ራሱ «እየው» ብሎ ማዘዝ ይኖርበታል፤ ታናሹ በራሱ ፈቃድ ያደርገዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

በጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁለቱ ሞዴሎች በአውደ ጥናታችን ከእንጨትና ከአሉሚኒየም የተሠሩ፣ መተኮስ የማይችሉ፣ በጎናቸው የተከፈቱ ናቸው፤ ጥይቶቹም ከነሐስ የተቀረጹ፣ ባሩድ የሌላቸው ናቸው። ከጥያቄዎቹ በኋላ ወደ ፊት መጥታችሁ በመጀመሪያ በተዛባው ቅደም ተከተል፣ ቀጥሎም በትክክለኛው አራግፏቸው፤ በተከፈተው ጎን ጉሮሮውን እያያችሁ። አሁን መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።